ለያሲን ያልደረስንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን የጥገና ሠራተኛ ዕቃ ግምጃ ቤት ተጥሎ የኖረ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን አወጣ፤ ያን ጀርባው ጎበጥ ያለውን ዓይነት። «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብሎ ሰካው። ገና ብልጭ ሳይል ሽታው ቀደመ። የብዙ ዘመን አቧራ ሲግል የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር፣ ትንሽ የጋለ ፕላስቲክ። ተነሥቼ ወጣሁ። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «ራሴን አሞኝ ነው» አልኩ። ታዲያ ምን ልበል? ወንድሜ ሸተተኝ ይባላል?

አስቀድሜ ልናገረው። ወሬ ይዞ ማቆየት አልወድም፤ ለምን እንደማልወድም ስጨርስ ይገባችኋል። ታላቅ ወንድሜ ያሲን በዘጠናዎቹ አጋማሽ በአንድ ክረምት፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ባለው ቤታችን ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሲፈታ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ። እኔና እናቴ አዲ አርቃይ ነበርን። እናቴ ልጇን ፊቱን እንኳ ሳታይ ተቀበረ። ልትደርስ ትችል ነበር። ወይ ነዶ! ልትደርስ ትችል ነበር።

ኮምፒውተሩን ያገኘው ከአራዳ ነው። አባታችን አራዳ ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከሱቁ ጎን የነበረ አንድ ቢሮ ሲዘጋ የማይሠራ ተብሎ የተጣለ ሁለት ሣጥንና ሁለት ስክሪን ያሲን በጋሪ ጭኖ አመጣ። የአንዱን ከሌላው እያፈራረቀ አንድ ደህና ኮምፒውተር አወጣበት። ደህና ስል ይሠራል ማለቴ ነው እንጂ መልክ አልነበረውም። ክዳን አልብሶት አያውቅም፤ ሆድ ዕቃው እንደ ታረደ በግ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ነው። እናቴ ይህን አልወደደችውም። ቴሌቪዥኑን እንዳለበሰችው ሁሉ ለኮምፒውተሩም በጥልፍ የተዋበ ልብስ ሰፋችለት።

«እማ፣ ይታፈናል» ይላታል።

«ታዲያ ራቁቱን ይቀመጥ? እንግዳ ቢመጣ ምን ይላል?»

«ኮምፒውተር ነው ይላል!»

«ምን ዓይነት ቤት ነው ይላል እንጂ!»

አንድ ቀን እራት ላይ ያሲን ተክዞ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ከዚያ ከተዋስሁት ፍሎፒ ነው የያዘው» አለ። እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። በዚያ ዘመን ቫይረስ ሲባል ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ የሚያስጠነቅቀን ያ አንድ በሽታ ነው እንጂ ሌላ አይታሰብም። «ዝም በል አንተ! ብርቄ ትሰማለች» አለችው። እትዬ ብርቄ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ በራችን ላይ ትንሽ ሻይ ቤት ያላት ክርስቲያን ጎረቤታችን ናት፤ ለእናቴ ከእህት አትተናነስም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ እንዳይጋባብኝ አፍንጫዬን በሻሽ እሸፍን ጀመር። ያሲን ሆዱን ይዞ ሳቀ እንጂ አላረመኝም። ስንት ቀን እንዲያ ተሸፋፍኜ ሠራሁ!

ሥራ ነበረኝ፤ ሥራዬ ማጥቆር ነው። ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም፤ ያሲን ደግሞ ይህን እንደ ስድብ ነበር የሚያየው። «የሁሉን አገር ፊደል ያውቃል፤ እኛን ሲያይ ዓይኑ ይታወራል» ይላል። ስለዚህ አራት ማዕዘን በተሠመረበት የሒሳብ ወረቀት ላይ ፊደሎቻችንን በነጥብ በነጥብ ይቀርጻል። የሚጠቁሩትን ቤቶች ምልክት ያደርግልኛል፤ እኔ በእርሳስ አጠቁራለሁ። ከዚያ እሱ ረድፍ በረድፍ ወደ ቁጥር እየለወጠ ይመታዋል። አንዲት ፊደል ስክሪን ላይ ለማየት ከሰዓቱን ሁሉ ይፈጃል፤ በመሃል መብራት ከሄደ ልፋቱ ሁሉ መና። በዚያ ክረምት ደግሞ መብራት መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ሲመለስም እንደ ተቆጣ ሰው ዘሎ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያዋ ፊደል «ሀ» ብላ ብቅ ያለች ዕለት ቤቱን በጩኸት አናወጥነው። እናቴ ምን ተቃጠለ ብላ እጇን እየጠረገች መጣች። ጎንበስ ብላ አየች፤ እኛን አየች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች።

«ይኸው ነው?» አለች። «ይህን'ማ ኑሬም ትጽፈዋለች።»

ያሲን ፊቱ ጥቁር አለ። እኔ ኑሬ ግን ልቤ አበጠ፤ ኮምፒውተር የሚችለውን እችላለሁ ማለት አይደል?

ስክሪኑን ከጀርባው ሲከፍት ብቻ ወደ በር ያባርረኝ ነበር። «ይሄ ከሶኬት ተነቅሎም ይናከሳል» ይላል። ሲሠራ ግራ እጁን የኋላ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ በቀኝ እጁ ብቻ ነው የሚነካው። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር፤ አራዳ ጥግ የሚቆሙት ጎረምሶች እንደዚያ እጃቸውን ኪስ ከተው ስለሚቆሙ። ሁለቱም እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል አቋርጦ እንደሚያልፍ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የሞተ ዕለት ግራ እጁ የት እንደነበረ ያየ የለም። ወለሉ ግን ርጥብ ነበር አሉ፤ ጣሪያችን ያፈስ ነበር።

ክረምት በገባ ቁጥር ወደ አዲ አርቃይ እንወርዳለን፤ የእናቴ አገር ነው። አባቴ ከሱቁ አይነቃነቅም፤ እኔ፣ እናቴና ያሲን ነበርን የምንሄድ። በዚያ ዓመት ያሲን አልሄድም አለ። ፊደሎቹን ሳልጨርስ ወዴት እሄዳለሁ ነው ነገሩ። እናቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በመጨረሻ «እንግዲያው ከዚያ ሣጥን ጋር ኒካህ እሰርና እፎይ በል!» ብላ ሻንጣዋን ዘጋች። አውቶቡስ ተራ ድረስ ቦርሳዋን ተሸክሞ ሸኘን። መስኮቱ ሥር ቆሞ በጣቱ ቆረቆረ። እኔ ሳቅሁለት። እናቴ ኩርፊያዋ አልበረደላትም ነበር፤ መስታወቱን አልከፈተችለትም።

ሊማሊሞን ስንወርድ አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። ደመናው ከበታቻችን ነው፤ መንገዱ ይጠመዘዛል፤ ተሳፋሪው በየእምነቱ ይለምናል። እናቴ ጀርባዬን እያሻሸች «ያሲን ቢኖር ሎሚ ያሸትሽ ነበር» አለች። ገና ደባርቅን ሳናልፍ ኩርፊያው ጸጸት ሆኖባት ነበር። አዲ አርቃይ ሆናም እንዲሁ ነው፤ ማንጎ ስትበላ ያሲን፣ ጥላ ሥር ስትቀመጥ ያሲን። «ምነው መስኮቱን ብከፍትለት ኖሮ» ትላለች።

የምናርፈው ከታላቅ ወንድሟ ከእድሪስ ዘንድ ነው፤ እሷ አያ እድሪስ ትለዋለች፤ እኔም እሷን ሰምቼ አያ እላለሁ። የማር ነጋዴ ነው፤ አንድ አሮጌ አይሱዙ አለው፤ ራሱ ይነዳዋል። ቤቱ ሁልጊዜ ማር ማር ይሸታል፤ ንብ ከበርሜሎቹ ላይ አይጠፋም። ሙቀቱ የጎንደርን ልጅ ያቀልጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ እግሬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ እውላለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከስልክ ቤት አያ እድሪስን ጠሩት። ሄደ። ሲመለስ ወደ ቤት አልገባም፤ በርሜሎቹ ዘንድ ቆመ። ሚስቱ ከድጃ ወጣች፤ አንድ ነገር አላት፤ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። እኔ ከግድግዳው ማዶ ከባልዲዬ ጋር ነኝ። «በኮምፒውተሩ ነው አሉ» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። በቃ፣ ገባኝ! ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። ከድጃ እንኳ አይታው የማታውቀውን ኮምፒውተር ማዘኗ ገረመኝ፤ ደግ ሴት ናት አልኩ።

ሄጄ እጁን ያዝሁት። «አያ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ?»

ቁልቁል አየኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አዎ ኑሬ» አለኝ። «ተበላሸ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ እሺ?»

«ወላሂ አልናገርም» አልኩ። ትልቅ ሰው ምሥጢር ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ በስልክ ያለውን የሰማሁት ኋላ ነው። «እስከ ነገ ከሰዓት፣ እስከ ዐስር ሶላት አቆይላታለሁ። በእኛ ደንብ ይኸም በዝቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሰዉም አይፈቅድልኝ። አምጣት፤ ፊቱን ትየው። መንገድ ላይ ግን እንዳትነግራት፤ ያ ገደል ላይ ትጮህብሃለች።» የዚያኑ ዕለት እንዳይነሡ ዝናቡ ጠና፤ ሊማሊሞን በዝናብና በጨለማ የሚወጣ የለም።

መርዶ ደግሞ በእኛ አገር እንዲሁ አይወረወርም። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ነን። ሰውዬው ይበላል፣ ይተኛል፤ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ በቤቱ ያረዳዋል። ስለዚህ ያን ማታ እናቴን አበሏት። ዶሮ ታረደ። ከድጃ ጉርሻ በጉርሻ ላይ ትደራርባለች፤ እናቴ «ምነው፣ ልትድሩኝ ነው እንዴ?» እያለች ትስቃለች። ሁሉም ሳቁ። አያ እድሪስ በሳቁ መሃል «ነገ ማር ወደ ጎንደር እወስዳለሁ፤ ከእኔ ጋር ብትመለሱ በዚህ ዝናብ ከአውቶቡስ ትድናላችሁ» አላት። እናቴ ደስ አላት። «እሰይ! ያሲኔን ናፍቄዋለሁ» አለች። ከድጃ ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች፤ ሳታመጣ ቀረች።

ጠዋት አያ እድሪስ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። እናቴ የት አለች? ሳትሰናበት የምትሄድ ሴት አይደለችም። አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ የልጅነት ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች፤ ማንጎውን ከእንክርዳዱ እንደሚለቀም እህል አንድ በአንድ እያገላበጠች መረጠች። እሱ ቶሎ በይ ይላል፤ እሷ «አይሱዙህ ክንፍ አወጣ እንዴ፣ ምን ያቻኩልሃል?» ትላለች። እሱ የሚያቻኩለውን እንዳይናገር የታዘዘ ሰው ነው።

ሊማሊሞን ወጥተን ደባርቅ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። እናቴ «አቁም» አለች። የገበያ ቀን ነው፤ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ባና ዘርግተዋል፤ ያን ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ልብስ። ያሲን ኮምፒውተሩ ፊት ሲያመሽ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ባና ልግዛለት ነው ሐሳቧ። የመስኮቱ ካሣ መሆኑ ነው።

«ሰዓዳ፣ ሌላ ጊዜ» አለ አያ እድሪስ።

«ሌላ ጊዜ ደባርቅን ማን ያሳየኛል?» ብላ ወረደች።

ሽማግሌው «ሸጋ ባና ናት ልጄ፤ አገላብጠሽ እያት» አሏት። ዋጋ ጠሩ። እናቴ የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት ናት፤ የተጠራው ዋጋ ለእሷ ሰላምታ ማለት ነው፣ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ገና አፏን ስትከፍት አያ እድሪስ ከኋላዋ መጥቶ የተጠራውን ሙሉ ብር ለሽማግሌው አስጨበጠ። ያ ነው የባሰው። እናቴ እንደ ተሰደበ ሰው ዞረች።

«ምነው አያ! የጠሩትን መክፈል? የደባርቅ ሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? እሳቸውስ ምን ይሉኛል?» ብሩን ከሽማግሌው እጅ ነጥቃ ለወንድሟ መለሰችለት። «ሂድ መኪናህ ዘንድ! ይህ የእኔ ሥራ ነው።» ከዚያ እልኋ ተነሥቶ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ጀመረች። ባናውን ለፀሐይ አነሣችው፤ ፀሐይ ደግሞ የለም። ስፌቱን ሳበች። ትታ ሄደች፤ ተጠርታ ተመለሰች። ሌላ ባና አስወጣች።

አያ እድሪስ ሰዓቱን ያያል፤ ጥሩንባ ይነፋል፤ ይቆማል፤ ጎማው ሥር ቁጢጥ ይላል። በኋላ ወደ እሷ ሄደ። አፉን ሲከፍት አየሁት፤ እኔ ከጋቢናው ነበርሁ። ሊናገር ነበር። እናቴ ሳታየው ሁለቱን ባና ዘርግታ «አያ፣ የትኛው ይሻለዋል? ጥቁሩ ወይስ ነጩ?» አለችው።

አያ እድሪስ ቆመ። «ነጩ» አላት።

ነጩን ገዛች። ከዚያ ሻይ ጠጣች፤ ከዚያ ሰገደች። መኪናው ሲነሣ ባናውን ጭኗ ላይ አድርጋ እየዳሰሰች ነበር፤ በዋጋው ተደስታለች። ዳባትን አለፍን፤ አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። አያ እድሪስ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እናቴ «ቀስ በል፤ ልጅ ይዘናል» ትለዋለች፤ ፍጥነቱን ይቀንስላታል። አላህ ያሳያችሁ፣ ይቀንስላታል!

ጎንደር የገባነው የዐስር ሶላት ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ ዓለም መታጠፊያ ላይ ብዙ ወንዶች ከፊታችን መጡ፤ ጫማቸው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። ከመሃል አራት ጎረምሶች ባዶ ቃሬዛ ይዘዋል። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። «አላህ ይዘንለት። የማን ቤት ይሆን ያዘነው?»

መኪናው ቆመ። አያ እድሪስ መሪውን ይዞ ግንባሩን ጣለበት። ከወንዶቹ መካከል ኮፍያው የተንጋደደ አንድ ሰው ወደ እኛ መጣ፤ አባቴ ነው። አባቴ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ባሏን አየች፤ ቃሬዛውን አየች፤ ጭኗ ላይ ያለውን ባና አየች። ጩኸቷ ገና ሳይወጣ እኔ ለኮምፒውተር ይህን ያህል ሰው መሰብሰቡ ገርሞኝ ክንዷን ያዝሁ። «እማ፣ አትዘኚ» አልኳት። «ያሲን ይጠግነዋል እኮ።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጩኸት ነው። እትዬ ብርቄ ከግቢ ሮጣ ወጥታ እናቴን ከመሬት አነሣቻት፤ ፊቷን እንዳትነጭ ሁለት እጇን ይዛ አደረች። እናቴ ወደ መቃብሩ ልሂድ አለች፤ አልተፈቀደላትም። ክፈቱልኝ አለች፤ ማን ይከፍታል? ጠዋት ሲሆን ዝም አለች። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። እንባ የላት፣ ወሬ የላት፤ ሲያጎርሷት ታላምጣለች፣ ሲተዋት ትተዋለች።

በሦስተኛው ቀን አያ እድሪስ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «አፉ በይኝ ሰዓዳ» አላት። «ለአንቺ ብዬ ነው።»

«አፉ ብዬሃለሁ» አለችው፤ ድምጿ ሻክሯል። «ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ደባርቅ ላይ፣ ነጩ ከማለትህ በፊት፣ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«ዋጥኸው።»

«ዋጥሁት» አለ። እሷም ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጳጉሜ ላይ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የእትዬ ብርቄ አባት ዳባት ላይ ማረፋቸውን ነገሯት። «አንቺ ትቀርቢያታለሽና ዛሬ እንደምንም እህል አቅምሻት። ሌሊቱን ትተኛ፤ ሲነጋ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን» አሏት።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለች እናቴ። ስንት ሳምንት ዝም ብላ ከርማ ጥያቄ ስትጠይቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

«ነገ ማለዳ። መቼም ለቀብሩ አትደርስም፤ ለሣልስቱ ትደርሳለች።»

«የዳባት መኪና አለ?»

«አሥር ሰዓት ላይ አንድ አይጠፋም፤ ግን...»

እናቴ ተነሣች። ሻሿን አሰረች። ሽማግሌዎቹ «ሰዓዳ! ሰዓዳ!» እያሉ ተከተሏት፤ እኔም ተከተልኩ። እትዬ ብርቄ ሻይ ቤቷ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል። እናቴ አልተቀመጠችም።

«ብርቄ፣ ስቶቩን አጥፊው» አለቻት። «አባትሽ ሞተዋል። ቀብሩ ነገ ማለዳ ነው። መኪና አለ፤ አሁን ከተነሣሽ ትደርሻለሽ።»

ብርጭቆው ወደቀ። እትዬ ብርቄ ጮኸች፤ ደንበኞቹ ዘለው ተነሡ። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ጭካኔ! ልጇ ሲቀበር ልቧም አብሮ ተቀብሯል እንዴ?» አለ፤ እንዲሰማት ብሎ ጮክ አድርጎ ነው ያለው። እናቴ የእትዬ ብርቄን ወገብ ይዛ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አልብሳ፣ ከነጩኸቷ ወደ መኪናው ወሰደቻት። ብቻዋን አልላከቻትም፤ አብራት ተሳፈረች።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ተመለሰች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አባቴ በር ላይ ተቀበላት።

«ደረሳችሁ?»

«ደረሰች» አለች እናቴ። «ፊታቸውን ገልጠው አሳዩዋት። ሳመቻቸው።»

ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ለያሲን ያላለቀሰችውን ማልቀስ ጀመረች።